አረጋውያን ወላጆችንና ልጆችን ይዞ ወደ ኦሊምፒክ ዝናባማ ደንና ውቅያኖስ ዳርቻ መሄድ፦ ለአንዲት የሲያትል ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል። «የምኖረው ሲያትል ነው። እናቴና አባቴ ከጎንደር መጥተው አብረውን ከርመዋል፤ ሁለቱም ከሰባ ዓመት አልፈዋል፣ አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። የስድስትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች አሉኝ። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ዕረፍት ስላለኝ በኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ዝናባማውን ደንና ውቅያኖሱን ላሳያቸው አስቤአለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዳርቻው ላይ ድንኳን ተክለን እንደር ይላል፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ውኃ ከኋላ ዘግቶባቸው የሚቀሩ ሰዎች አሉ ብላ አስፈራችኝ። ብንሄድ ይሻላል ወይስ ብንቀር? ከሄድንስ ምን እናድርግ?»

የተከበሩ እህት፣ በዚያ ዳርቻ የእግር ጉዞ ቡድኖችን እየመራሁ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሠራሁ፣ መልሴ ሂዱ የሚል ነው። ባልደረባዎ የነገሩዎት ግን እውነት ነው፤ ችላ ሊሉት አይገባም። ስለዚህ የሚያድሩበትን ቤት ከመያዝዎ፣ የሚበላውንም ከማሰብዎ በፊት የእነዚያን ሦስት ቀናት የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ፣ ማለትም ውኃው መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚል የሚያሳየውን፣ አውጥተው ከፊትዎ ያስቀምጡ። በየትኛው ቀን ወደ ደኑ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ወደ ዳርቻው እንደምትሄዱ የሚወስነው እርሱ ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚሳሳተው መጀመሪያ የራሱን ፕሮግራም አውጥቶ ባሕሩን እንደ መልክዓ ምድር ብቻ ስለሚመለከተው ነው።

ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የኦሊምፒክ ተራራ አካባቢ መጀመሪያ በ1909 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ተከለለ፤ በ1938 በፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ጠባቡ የውቅያኖስ ዳርቻ ደግሞ በ1953 ተጨመረበት። በ1988 ከፓርኩ 95 ከመቶ የሚሆነው የሰው እጅ ሳይነካው ሊቆይ የሚገባው የዱር ሥፍራ ተብሎ በሕግ ተደነገገ። መንገድ ቁጥር 101 ፓርኩን ይዞረዋል እንጂ አያቋርጠውም፤ 117 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ዳርቻም መኪና የሚደርስባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ይህን የምዘረዝረው ከተማ አጠገብ ያለ መዝናኛ አድርገው እንዳያስቡት ነው። በአብዛኛው ቦታ የስልክ መስመር የለም፤ ባሕሩን የሚጠብቅ ዋናተኛ የለም፤ ገደል ጫፍ ላይ አጥር የለም፤ ቢታመሙ ሐኪም የሚገኘው ፎርክስ በምትባለው ትንሽ ከተማ ነው። የአባትዎን መድኃኒት ከሦስት ቀን በላይ የሚበቃ ይያዙ፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ ደገኞች ነንና ውኃ ሲሞላ የምናውቀው በወንዝ ነው፤ ወንዝ የሚሞላው ዝናብ ሲዘንብ ነው፣ ሲመጣም ድምፁ ይሰማል። የውቅያኖስ ሙላት ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ያለ ድምፅ፣ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣ ነው። በዋሽንግተን ዳርቻ ባሕሩ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከሽሽት እስከ ሙላት ከስድስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ትናንት ያዩት ለዛሬ አያገለግልም። ሁለቱ ሽሽቶችም እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ከሌላው ይልቅ ብዙ ይወርዳል። በዚሁ ዳርቻ ባለችው በላ ፑሽ መንደር አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው የውኃ መጠን መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ጨረቃ ስትሠርቅና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። እናትዎ የጨረቃዋን ቀን የሚቆጥሩ ከሆነ ከማንኛችንም በፊት ይህን ይረዱታል።

አደጋው የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ዳርቻው አንድ ወጥ አሸዋ አይደለም፤ በየመካከሉ ገደላማ አለት ወደ ባሕር ገብቶ ይቆርጠዋል። ባሕሩ ሲሸሽ በአለቱ እግር ሥር ደረቅ መንገድ ይከፈትና ሰው ተሻግሮ ወደሚቀጥለው ዳርቻ ይገባል። ከዚያ ፎቶ ሲያነሣ፣ ምሳ ሲበላ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ውኃው ይመለሳል። ሙላቱ መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ያታልላል፤ ፈጥኖ የሚወጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከፊት ገደል፣ ከኋላ ገደል፣ በመካከል እየጠበበ የሚሄድ አሸዋ ይቀራል። በብዙ ቦታ ገደሉን በላይ በኩል የሚያሻግር መንገድ አለ፤ መግቢያው ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ይታወቃል፤ ነገር ግን በጭቃ ላይ ገመድ ይዞ ወይም በገመድ መሰላል የሚወጣበት ስለሆነ ለሰባ ዓመት ጉልበት የሚሆን አይደለም። አንዳንዱን አለት ደግሞ ባሕሩ የቱንም ያህል ቢሸሽ በእግሩ ሥር ማለፍ አይቻልም። ለዚህ ዳርቻ የተዘጋጁት ካርታዎች እያንዳንዱ አለት ውኃው ከስንት ጫማ በታች ሲሆን እንደሚታለፍ ጽፈው ያሳያሉና ካርታውና ሰንጠረዡ አብረው መነበብ አለባቸው። ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስና አየሩ ሲታወክ ውኃው ሰንጠረዡ ካለው በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ሰዓት ይተዉ።

የምከተለው ልማድ ዝቅተኛው ሽሽት ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ መነሣት፣ ሽሽቱ ሲደርስ ፊትን ወደ ኋላ ማዞር ነው። በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው፣ ትልቁ ሽሽት በዚህ ዳርቻ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ስለሚውል ማልዶ ለሚነሣ ቤተሰብ ምቹ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ አንዳንድ የታተሙ ሰንጠረዦች የበጋውን የሰዓት ለውጥ አያካትቱም፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ፣ ለእኛ ቤተሰቦች ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተማርኩትም በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገር ቤት የመጡ አንድ አባት ያሉበትን ቡድን ይዤ ወርጄ፣ ማለዳ ላይ «በአሥር ሰዓት እዚህ ድንጋይ ጋ እንገናኝ» አልኩ። እኔ ያልኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት አሥር ሰዓት ነው። እሳቸው እጃቸው ላይ ያለውን የአበሻ ሰዓት አይተው፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ነው ብለው ተዝናንተው ከአለቱ ማዶ ተቀመጡ። ስንደርስባቸው ውኃው የአለቱን እግር ይዞት ነበር። በላይኛው መንገድ፣ ገመድ እየያዝን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅተን አወጣናቸው። አልተጎዱም፤ ግን ያን ቀን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት የምናገረው በሁለቱም አቆጣጠር ነው፤ «ጠዋት አራት ሰዓት፣ በፈረንጅ አሥር» ብዬ በወረቀት ጽፌም ለእያንዳንዱ ሰው እሰጣለሁ። እርስዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ከሙላቱ ሌላ መፍራት የሚገባው ዳርቻው ላይ የተከመረው ግንድ ነው። ወንዞች ከጫካው አውርደው ባሕሩ መልሶ የተፋቸው፣ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት የሚወፍሩ ግንዶች ናቸው፤ ልጅ ሲያያቸው መውጣት ያምረዋል። ደረቅ ሲሆን በደህና ቀን መቀመጫ ይሆናሉ። ውኃ ሲነካቸው ግን ቶን የሚመዝነውን ግንድ ሞገድ እንደ ገለባ ያነሣውና ይጥለዋል፤ በዚህ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ሞገዱ ግንዶቹ አጠገብ በሚደርስበት ሰዓት ልጆች በአጠገባቸው እንዳይቆሙ። ከሌሎቹ የሚበልጥ ሞገድም ድንገት ይመጣልና ለባሕሩ ጀርባ አይሰጥም። ውኃው በነሐሴም ቢሆን እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረትም አለው። ልጆቹ ቁርጭምጭሚታቸውን ያስነኩ፤ ከዚያ በላይ አይግቡ።

ሱናሚ የሚል ሰማያዊ ምልክት በየመንገዱ ታያላችሁ። ምክንያት አለው፤ ከዳርቻው ማዶ በባሕር ሥር ካስኬድያ የሚባል የመሬት ቅርፊት መጋጠሚያ አለ፤ በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 እ.ኤ.አ. 9 ገደማ የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ አስነሥቶ ሞገዱ ጃፓን ድረስ ደርሷል። መሬቱ ለረጅም ጊዜ ቢናወጥ ማስጠንቀቂያ እስኪነገር ሳይጠብቁ፣ ዕቃ ሳያነሡ፣ በእግር ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ይህን ለልጆቹ አንድ ጊዜ በእርጋታ ይንገሯቸውና ወደ ጨዋታቸው ይለፉ።

ስለ ደኑ ስጽፍ ቢረዝምብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወላጆችዎ የሚያስታውሱት ከሁሉ በላይ እርሱን ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሆ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ በዓመት ከ3.5 እስከ 4.3 ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር 2,432 ሜትር ከፍታ ያለውን የኦሊምፐስን ተራራና ጎረቤቶቹን ሲገፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውኃውንም በምዕራቡ ወገን ያራግፋል። ከተራራው ጀርባ ያለችውና በመንገዳችሁ የምታልፏት ስኪም ከተማ ግን የዚያን አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው የምታገኘው። ክረምታቸው የሚከብደው ከኖቬምበር እስከ ማርች ስለሆነ፣ በአገራችን ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በሚያለቅስበት ጊዜ እዚያ ይደርቃል። ጉዞውን በነሐሴ ማድረግዎ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሆኖም ያለ ዝናብ ልብስ አይሂዱ፤ ዳርቻው ላይም የጠዋት ጉም የተለመደ ነው።

በደኑ ውስጥ ሲትካ ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ እስከ 90 ሜትር ይደርሳል። ሜፕል የሚባሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሁሉ ሞስ በሚባል ለስላሳ ዕፅ ተሸፍኖ፣ በአገር ቤት የዛፍ ሽበት የምንለውን በሚመስል አረንጓዴ ጨርቅ ተጀቡነው ይታያሉ፤ የባሌን የሐረና ደን ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ለወላጆችዎ የሚሆነው የሞሶች አዳራሽ የሚባለው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ካለችው አጭር ዳገት በስተቀር ደህና ነው። ቀጥሎ ያለው የስፕሩስ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሜዳማና ወንዙን የሚያሳይ ነው። ልጆቹ አንድ ነገር እንዲፈልጉ ያድርጓቸው፤ በመስመር እንደ ወታደር የቆሙ ትልልቅ ዛፎችን። ለምን በመስመር እንደቆሙ ካላወቁ ወደ ሥሮቻቸው ጎንበስ ይበሉ፤ ከሥሮቹ በታች ክፍት ቦታ ያያሉ። በዚህ ደን መሬቱ በሞስና ፈርን በሚባል ቅጠላም ዕፅ ስለተሸፈነ ዘር ወድቆ ለመብቀል ይቸገራል፤ ስለዚህ በወደቀ ግንድ ላይ ይበቅላል፣ ከበሰበሰው ግንድ ምግብ ያገኛል፣ ሥሩንም አሻግሮ ወደ መሬት ይሰዳል። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የወደቀው ግንድ ፈጽሞ አፈር ሲሆን፣ በላዩ የበቀሉት በእርሱ ልክ ተሰልፈው፣ ሥራቸውም እንደ እግር ተነጥሎ ቆሞ ይቀራል።

ደኑ ጸጥ ያለ ነው። ከጎብኚዎች ማእከል አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የተፈጥሮ ድምፅ የሚቀዳ ባለሙያ ከሰው ሠራሽ ድምፅ ነፃ ሆኖ እንዲጠበቅ ብሎ በትንሽ ቀይ ድንጋይ ያመለከተው ቦታ አለ። ያን ያህል መራመድ አያስፈልጋችሁም። ከጎንደር የመጡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ደን ምን እንደሆነ ያውቃሉና፣ እዚያ ሲገቡ ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ደጋግሜ አይቻለሁ። መቀመጫ ፈልገው ትንሽ ጊዜ ይስጧቸው።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይሰጥም፣ ከሰውነትም ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ጋቢውና ነጠላው መኪና ውስጥና ማታ ቤት ሲገባ ይሁን፤ በእግር ጉዞው ላይ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ሹራብ፣ በላዩም ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉላቸው። ጉዞው በፍልሰታ ጾም ስለሚውል፣ ወላጆችዎ የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን መንገድ ሳይበሉና ሳይጠጡ እንዳያደርጉት በፍቅር ይነጋገሩበት፤ አባትዎ መድኃኒት የሚወስዱ በመሆናቸው ይህ ተጨማሪ ትኩረት ይፈልጋል። በሶና ቆሎ ለጾምም ለመንገድም የሚሆኑ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ የጾም ምግብ የሚሸጥ ቤት እንደልብ አይገኝምና ከቤት ይያዙ።

ወንድምዎ ያሉት የድንኳን አዳር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለዚህ ጉዞ ግን አልመክረውም። ወጣቶቹ ሌላ ጊዜ ለብቻቸው ቢሄዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻለው ላ ፑሽ አጠገብ ያለው ሴኮንድ ቢች የሚባለው ዳርቻ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር ብቻ ይርቃል። ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ራኩን የሚባሉ ምግብ የሚሰርቁ ትንንሽ የዱር እንስሳትና ድቦች ስላሉ ምግብ በሙሉ፣ የጥርስ ሳሙናም ጭምር፣ ድብ የማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ መቆለፍ አለበት፤ ይህም በዳርቻው ሁሉ የሚሠራ ደንብ ነው። ድንኳን የሚተከለው ትኩስ የባሕር አረም ከተጣለበት መስመር በላይ፣ ከግንዶቹም ርቆ ነው። ቡና ለማፍላት ብሎ ከሰል ድንኳን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ይህን የምለው በወገኖቻችን መካከል ልማዱ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ዳርቻው ባለቤት አልባ እንዳልሆነም ልጆችዎ ይወቁ። ማካ፣ ኩዊሊዩት፣ ሆና ኩዊኖልት የተባሉ ሕዝቦች የራሳቸው መንግሥትና መሬት ይዘው እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። ላ ፑሽ የኩዊሊዩት መንደር ስለሆነች በሥርዓት ይገቡባታል፤ ሰውንም ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያነሡም። መንደሯ ከባሕሩ ወለል ጋር ልክ በመሆኗ ሱናሚ ያሰጋታልና፣ በ2012 የአሜሪካ ምክር ቤት ከፓርኩ መሬት ተቆርሶ ወደ ከፍታ እንዲዛወሩ በሕግ ፈቅዶላቸዋል። በሰሜን ኦዜት በሚባለው ቦታ ላይ ደግሞ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት የጭቃ ናዳ የማካን ቤቶች ከነዕቃቸው ቀብሮ አቆይቷቸው፣ በ1970 የባሕር ሞገድ ሲገልጣቸው በአሥራ አንድ ዓመት ቁፋሮ ከ55,000 በላይ ዕቃዎች ወጥተዋል፤ ኒያ ቤይ በሚገኘው የማካ ሙዚየም ይታያሉ። በሦስት ቀን ውስጥ እዚያ መድረስ አባትዎን ያደክማልና ለሌላ ዓመት ያቆዩት።

ሦስቱን ቀን እንዲህ ባደርገው እወዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን በማለዳ መርከብ ተሻግራችሁ በፖርት አንጀለስና በክሬሰንት ሐይቅ በኩል ወደ ፎርክስ ትሄዳላችሁ፤ ማረፍን ጨምሮ አምስት ሰዓት ያህል ያስቡለት። ሁለቱንም ሌሊት ፎርክስ እደሩ፤ ነዳጅ እዚያ ሙሉ። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ 22 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ሪያልቶ ቢች አሳዩአቸው፤ መኪናው ዳርቻው ድረስ ስለሚገባ እናትዎ ሳይደክሙ ከማቆሚያው አጠገብ ተቀምጠው ያዩታል። ሆል ኢን ዘ ዎል የሚባለው የተበሳ አለት ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በጠጠር ላይ የሚያስኬድ ነው፤ ወንድምዎ ትልቁን ልጅ ይዘው፣ ሽሽቱ በሚስማማበት ሰዓት ብቻ ይሂዱ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሆ። ከፎርክስ 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያንሳል። በበጋ ማቆሚያው ሲሞላ አንድ መኪና ሲወጣ አንድ ስለሚገባ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይኖራል፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በፈረንጅ ስምንት፣ ሳይሆን ይድረሱ። መግቢያው በአንድ መኪና 30 ዶላር ሆኖ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ይህን መንገድ ጎርፍ በ2024 መጨረሻ ቆርጦት እስከ ሜይ 2025 ተዘግቶ ነበርና፣ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ክፍት መሆኑን ከፓርኩ ገጽ ያረጋግጡ። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ሲታዩ ከ45 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል፤ የቤት እንስሳ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት የምትመለሱት በደቡብ፣ በክሌይሎክ፣ በአበርዲንና በኦሊምፒያ በኩል ይሁን፤ በመንገዱ ላይ ሩቢ ቢች አለ። ከማቆሚያው እስከ አሸዋው ያለው አጭር ቁልቁለት ለአባትዎ ምርኩዝ ይፈልጋል። ሽሽቱ ጠዋት ከዋለ በአለቶቹ ሥር በሚቀሩት የውኃ ጉድጓዶች ልጆቹ የባሕር ኮከብና አኔሞኒ የሚባለውን አበባ የሚመስል አረንጓዴ የባሕር እንስሳ ያያሉ፤ እግራቸውን ባዶ አለት ላይ ብቻ ያሳርፉ፣ የተጣበቀውንም አይንቀሉ። የሦስቱ ቀን ሰንጠረዥ ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር ካልተስማማ፣ ለምሳሌ ትልቁ ሽሽት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብቻ የሚመች ከሆነ፣ ደኑን ወደ ሦስተኛው ቀን ማለዳ አዛውረው ሩቢን በሁለተኛው ቀን ያድርጉት፤ ከፎርክስ 43 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ደርሶ መመለስ አይከብድም።